አባ ጎርጎርዮስን የሚያውቅ የወሎ ሰው አለ? ደግሞስ «ቄስ» የሚለው ቃል ከየት መጣ?

የጦሳ ልጅ (ደሴ)፣ ትናንት ማታ 2፡15

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ የጀመረው ከአያቴ ሳጥን ነው።

አያቴ ቄስ ነበሩ። ካረፉ በኋላ ሳጥናቸው ሳይከፈት እናቴ ጋ ቆይቶ፣ በቅርቡ ቤት ስናድስ እኔ እጅ ገባ። የቆርቆሮ ሳጥን ነው፤ ሲከፈት ዕጣን ዕጣን ይላል። ውስጡ ማኅደሩ የነተበ ዳዊት፣ አንድ ጭራ፣ ከሥር ደግሞ ሽፋኑ ተገንጥሎ በሲባጎ የታሰረ ወፍራም የግዕዝ መዝገበ ቃላት አገኘሁ። ዘጠኝ ዓመት የሆናት ልጄ አጠገቤ ቁጭ ብላ «ቄስ ማለት ምን ማለት ነው?» አለችኝ። «ቀዳሽ፣ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ» አልኳት። «እሱማ ሥራው ነው፤ ቃሉስ?» አለች። መልስ አጣሁ። መዝገበ ቃላቱን ፈትቼ «ቀ»ን ፍለጋ ብገባ ፊደሉ በማውቀው ተራ አይሄድም። ገና መጀመሪያው ላይ «ሀ»ን ሳጣ ተስፋ ቆርጬ መልሼ አሰርኩት።

ያን መልስ ስፈልግ ነው አባ ጎርጎርዮስን ያገኘሁት። መካነ ሥላሴ የሚባል፣ ዛሬ ደቡብ ወሎ በምንለው ምድር የነበረ የአምሐራ አገር ሰው ነው። አፄ ፋሲለደስ የካቶሊክ ሚስዮናውያን የሆኑትን ኢየሱሳውያንን ከአገር ሲያስወጡ እሱም አብሮ ወጣ፤ በመጨረሻ ሮም ደርሶ የሐበሻ መነኮሳት በሚያድሩበት በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት ተቀመጠ። በ1649 እ.ኤ.አ. ሂዮብ ሉዶልፍ የሚባል ወጣት ጀርመናዊ እዚያ ድረስ መጥቶ አገኘው። ሉዶልፍ ግዕዝን ከመጽሐፍ ለቃቅሞ ተምሯል፤ ማንበብ ይችላል፣ ሲናገሩት ግን ሰምቶ አያውቅም። አባ ጎርጎርዮስ ደግሞ የፈረንጅ ቋንቋ ገና አልለመደም። በመሀላቸው የነበረው ቋንቋ ግዕዝ ብቻ ነው። እስቲ አስቡት፤ አንዱ በቅዳሴና በዳዊት የኖረበትን ቋንቋ ሌላው ወረቀት ላይ ብቻ አይቶት፣ ሁለቱም እየተንተባተቡ ሲግባቡ።

በ1652 እ.ኤ.አ. ጀርመን አገር ያለችው የጎታ መስፍን ኤርነስት አባን ወደ ቤተ መንግሥቱ አስጠራው። ያን በጋ ስለ አገሩ አስተዳደር፣ ስለ ጾሙ፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ ቃላቱ ሲጠየቅና ሲመልስ ከረመ። ሉዶልፍ የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1661፣ የኢትዮጵያን ታሪክ በ1681፣ የአማርኛን ሰዋስው በ1698 እ.ኤ.አ. አሳተመ። አባ ጎርጎርዮስ ግን አንዱንም አላየ። በ1658 እ.ኤ.አ. ወደ አገሩ ሊመለስ ሲጓዝ መርከቡ ዛሬ ቱርክ ውስጥ ባለችው እስክንድሩን አጠገብ ተሰብሮ ባሕር ውስጥ ቀረ።

እኔ ደሴ ተወልጄ፣ ደሴ ተምሬ፣ ይህን ስም አንድ ቀን ሰምቼ አላውቅም። በስሙ የተጠራ መንገድ ቢኖር እንኳ አይቼ አላውቅም። ከእናንተ መሀል የሚያውቀው አለ? ደግሞ የልጄን ጥያቄ የሚመልስልኝ?

ሐይቅ ዳር፣ ትናንት ማታ 2፡48

የጦሳ ልጅ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ከአሁኑ እንዳይምታታ አንድ ነገር ልበል፤ መካነ ሥላሴና መካነ ሰላም ሁለት ናቸው። መካነ ሰላም የወሎ ቦረናዋ ከተማ ናት። መካነ ሥላሴ ግን አፄ ናዖድ ጀምረውት ልጃቸው አፄ ልብነ ድንግል የጨረሱት፣ በግራኝ ጦርነት በ1531 እ.ኤ.አ. የተቃጠለው ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ነው። አባ ጎርጎርዮስ የተወለደው እሳቱ ከጠፋ ስድሳ ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። ያደገው በቃጠሎው ወሬ መካከል ነው ብዬ አስባለሁ።

ሌላው፣ እሱ ብቻውን ከሜዳ አልበቀለም። ከደሴ ሠላሳ ኪሎ ሜትር እንኳ የማይሞላው ሐይቅ እስጢፋኖስ የዚህ ምድር ትምህርት ቤት ነው። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን መጥተው ገዳሙን ሲያቀኑ መጽሐፍ አስጻፉ፣ ተማሪ ሰበሰቡ። በ1280 እ.ኤ.አ. አካባቢ ያስጻፉት አራቱ ወንጌል ዘመናቸው ከታወቀ የአገራችን መጻሕፍት እጅግ ጥንታዊ ከሚባሉት አንዱ ነው። አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫም የተማሩት እዚያው ነው። ገድላቸው እንደሚለው ትምህርት አልገባ ብሏቸው ሰባት ዓመት ለመነኮሳቱ እህል ሲፈጩ ኖሩ፤ ኋላ በእመቤታችን አማላጅነት ተገለጠላቸውና ሰዓታቱንም መጽሐፈ ምሥጢርንም ደረሱ። መጽሐፈ ምሥጢር ያለቀው በ1424 እ.ኤ.አ. ነው። እኔ ልጅ ሆኜ አባቴ በትምህርት ስለግም «አባ ጊዮርጊስም ፈጭተዋል» ይለኝ ነበር።

የጦሳ ልጅ፣ ትናንት ማታ 3፡02

ሐይቅ ዳር፣ ስለ እርማቱ አመሰግናለሁ፤ እውነት እኔም መጀመሪያ ሳነብ መካነ ሰላም መስሎኝ ነበር። ሐይቅ እስጢፋኖስ አንዴ ሄጃለሁ። ሴት ስለሆንኩ ከበሩ አላለፍኩም፤ ወንድሜ ገብቶ እስኪወጣ ውኃው ዳር ተቀምጬ ጠበቅሁት። ሲወጣ «ምን አየህ?» ስለው «መጽሐፍ» ብቻ አለኝ። ያኔ ተናድጄበት ነበር።

ሸርፍ ተራ፣ ትናንት ማታ 3፡30

እህቴ፣ በቅንነት እንደጻፍሽው ይገባኛል። ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ይህ ሰው ከኢየሱሳውያን ጋር የወጣ ካቶሊክ ነው። አፄ ሱስንዮስ በ1632 እ.ኤ.አ. ዙፋኑን ለልጃቸው እስኪለቁ ድረስ በዚያ ሃይማኖት ሰበብ በአገራችን ስንት ደም ፈሰሰ! ወንድም በወንድሙ ላይ ተነሣ። ተዋሕዶን ትቶ የሄደን ሰው መንገድ ይሰየምለት ስንል፣ ለሃይማኖታቸው የሞቱት ምን ይሉናል? እኔ ይከብደኛል።

የጦሳ ልጅ፣ ትናንት ማታ 3፡55

ወንድሜ፣ የሚከብድህ ነገር ቀላል አይደለም፤ እኔም ሳነብ እዚያ ጋ ቆም ብያለሁ። አያቴ ቢሰሙ ምን ይሉኝ ይሆን ብዬ አሰብኩ። ሰማዕታቱን ማንም እንዲረሳቸው አልፈልግም።

ግን አንድ ነገር ልንገርህ። ጎታ የሉተራውያን፣ የፕሮቴስታንቶች ማለት ነው፣ አገር ነው፤ ሉዶልፍም መስፍኑም ሉተራውያን ናቸው። እዚያ ተቀምጦ እሱ የሰጣቸው የሮምን ትምህርት አልነበረም። የግዕዝን ግስ፣ የአማርኛን አነጋገር፣ የእናቱን አገር ወግና ሥርዓት ነው የሰጣቸው። ከዚያ በፊት በአውሮፓ ስለ እኛ የሚወራው ግማሹ ተረት ነበር። ሰው ሃይማኖቱን ቢለውጥ እንኳ እናቱ ያስተማረችውን ቋንቋ ይዞ ነው የሚሄድ፤ ያንን ደግሞ አልሸጠም፣ አስተማረበት እንጂ። ስለ መንገዱ ስያሜ ግድ የለኝም። ልጆቻችን ስሙን ይወቁት ነው የምለው።

የአብነት ተማሪ፣ ዛሬ ጠዋት 12፡40

እንዴት አደራችሁ። በሌሊት ኪዳን አድርሼ ስመለስ ይህን አገኘሁና ደስ አለኝ።

እህታችን፣ መጽሐፉ አልተዘበራረቀም። ሲባጎውን ፍቺው፤ በእኔ ግምት እጅሽ ያለው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» ነው። የሚሄደው በሀ ሁ ሳይሆን በአበገደ ነው፤ አ፣ በ፣ ገ፣ ደ፣ ሀ፣ ወ፣ ዘ እያለ ይወርዳል። የዕብራውያኑ የፊደል ተራ ማለት ነው። አያትሽ ይህን ተራ በልባቸው ያውቁት ነበር፤ ዳዊት የደገመ ሁሉ ያውቀዋልና። መዝሙር 118ን ክፈቺ፤ በየክፍሉ ራስ ላይ አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል፣ ዳሌጥ የሚል ታገኛለሽ። «ቀ»ን ከፈለግሽ ወደ መጨረሻው ሂጂ፤ ከረ፣ ከሰና ከተ በፊት ነው።

የመጽሐፉንም ታሪክ ልንገርሽ፤ እኔ ስሰማው አልቅሻለሁ። መዝገበ ቃላቱን የጀመሩት መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ናቸው። ሮም ተቀምጠው ጣሊያናዊውን ሊቅ ኢኛሲዮ ጉይዲን አማርኛ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው፤ ጉይዲ በ1901 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የአማርኛና የጣሊያንኛ መዝገበ ቃላት የእሳቸው ላብ አለበት። የጀመሩት የግዕዝ ሥራ ሳያልቅ ለኪዳነ ወልድ አደራ አሉ። ኪዳነ ወልድ ኢየሩሳሌም ሠላሳ ዓመት ያህል ኖረው፣ ዕብራይስጡንም ሱርስቱንም (የጥንት ሶርያውያንን ቋንቋ) ተምረው፣ ሲጽፉና ሲሰርዙ ዕድሜያቸውን ፈጁ። በመጨረሻ ዓይናቸው ጠፋ። በ1936 ዓ.ም. ሲያርፉ መጽሐፉ ገና ረቂቅ ነበር፤ አደራው ለደቀ መዝሙራቸው ለደስታ ተክለ ወልድ ተላለፈ። እሳቸው አቃንተው በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት። አንድ መጽሐፍ ለማውጣት ሦስት ሰው እየተቀባበለ ዕድሜውን ሰጠ። ደስታ ተክለ ወልድ ደግሞ የራሳቸውን ትልቁን ያማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. አወጡ።

ወደ ጥያቄሽ ስመለስ፦ ግዕዙ «ቀሲስ» ነው። የሱርስቱ «ቀሺሻ» ሽማግሌ ማለት ነው። የጽርዑም (የግሪኩም) «ፕሬስቢቴሮስ» እንዲሁ ሽማግሌ ነው። ስለዚህ ለልጅሽ «ቄስ ማለት በቃሉ ሽማግሌ ማለት ነው» በያት።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፣ ዛሬ ጠዋት 2፡20

አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ የኮምቦልቻ ልጅ። ክሩን ሌሊት ስከታተል አድሬ ዛሬ ሳልጽፍ ብቀር ደግ አይመስለኝም።

ቀሲስ ሲባል ልቤ የሄደው ወደ ቁርኣን ነው። ሱረቱል ማኢዳህ ቁጥር 82 ላይ አላህ ለአማኞች በፍቅር የቀረቡት «ክርስቲያኖች ነን» የሚሉት እንደሆኑ ይናገርና ምክንያቱን ሲያስከትል «ቂሲሲን» እና «ሩህባን» በመሀላቸው ስላሉ ነው ይላል። ቂሲሲን ቀሳውስት ናቸው፣ ሩህባን መነኮሳት። ብዙ ሙፈሲሮች (የቁርኣን ተንታኞች) ደግሞ የዚህን አንቀጽ መውረድ ከነጃሺ ሰዎች ጋር ያያይዙታል። መድረሳ ስቀራ ይህን አንቀጽ ኡስታዛችን ሁለት ጊዜ ደግመው ነበር ያስቀሩን። ታዲያ «ቂሲስ»ና የጎረቤታችን የቄስ ማዕረግ አንድ ቃል መሆኑን ያስተዋልኩት ገና አሁን ነው።

በዚያው ሱራ ደግሞ ቁጥር 112 ላይ «ሐዋሪዩን» የመርየምን ልጅ ዒሳን ከሰማይ «ማኢዳ» እንዲወርድላቸው ይጠይቃሉ። ሐዋሪዩን ሐዋርያት ናቸው፤ ማኢዳ ማዕድ ነው። ቴዎዶር ኖልደኬ የሚባል ጀርመናዊ ሊቅ በ1910 እ.ኤ.አ. እነዚህ ሁለት ቃላት ወደ ዐረብኛ የገቡት ከግዕዝ ነው ብሎ ጽፏል። የሱራውን ስም ከሕፃንነቴ ጀምሬ ስጠራው የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ማዕድ እንደሆነ ሳላውቅ።

ሌላም አለ። እኛ ሰደቃ እንላለን። አይሁዶች ጸዳቃ ይላሉ። ክርስቲያን ጎረቤቴ ደግሞ ለነዳያን እንጀራ ሲሰጥ «ለጽድቅ» ይላል። ሥሩ አንድ ነው። ወሎ ውስጥ ማን የማንን ደጅ እንደሚያንኳኳ ስለማይታወቅ ነው መሰለኝ፣ ሦስቱንም በአንድ ቀን ልትሰማ ትችላለህ።

ሐረጎ ላይ (ኮምቦልቻ)፣ ዛሬ 4፡05

ቦርከና፣ አላህ ይስጥህ። እኔ ደግሞ የጎንደር ልጅ ነኝ፤ ሥራ ኮምቦልቻ አምጥቶኝ አምስት ዓመቴ ነው። እናንተ ስለ ቀሲስ ስታወሩ የእኔ ሐሳብ ወደ ቤተ እስራኤል ሄደ፤ እነሱም ካህናቸውን «ቄስ» ነውና የሚሉት። ዛሬም እስራኤል አገር ሄደው ማዕረጉ ያው ነው።

አያቴ ከቤተ እስራኤል አንጥረኞች ጎረቤት ነበር ያደገችው። ጸሎታቸው በግዕዝ እንደነበር፣ ኦሪታቸውም በግዕዝ እንደነበር ትነግረኝ ነበር፤ ለእሷ ግን የሚገርማት እሱ አልነበረም። የጸሎት ቤታቸውን «መስጊድ» ይሉት ነበር! አዎ፣ አይሁድ ሆነው መስጊድ። ሰገደ፣ ስግደት፣ መስገድ። ትልቁ የምህላ በዓላቸውም «ስግድ» ነው፤ ከዓሥተርዮ (ከማስተስረያ ቀን) ጾም በኋላ በሃምሳኛው ቀን ተራራ ወጥተው ኦሪት የሚነበብበት። እስራኤልም በ2008 እ.ኤ.አ. አገራዊ በዓል አድርጋ ደንግጋዋለች።

ስማቸው ከማይነሣ ሊቃውንት አንዱ ደግሞ የእነሱ አባ ሰብራ ነው። በ15ኛው መቶ ዘመን የኖረ። ትውፊታቸው እንደሚለው ከክርስቲያን ወገን መጥቶ ከእነሱ ጋር ቀረ፤ ምንኩስናን አስተማራቸው። ደቀ መዝሙሩ ጸጋ አምላክ ደግሞ የአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ልጅ ነበር ይላሉ። ሆሀርዋ ላይ ገዳም ነበራቸው። መነኩሴ ያለው የአይሁድ ማኅበረሰብ በቅርቡ ዘመን ሌላ አይታወቅም።

ከእነሱ ወገን ታምራት አማኑኤልን ሁሉም ሊያውቀው ይገባል። ልጅ ሆኖ ዣክ ፋይትሎቪች ወደ አውሮፓ ወሰደው፣ ፍሎሬንስ ተማረ፣ ተመልሶ አዲስ አበባ ላይ ለወገኖቹ ልጆች የተከፈተውን ትምህርት ቤት መራ። ስለ ኢትዮጵያ ደራሲዎችም ጽፏል፤ ስለ ክርስቲያኖቹ ሊቃውንት ማለቴ ነው፣ በአክብሮት።

ቦርከና፣ ዛሬ 4፡20

ሱብሃነላህ። መስጊድ! ወንድሜ፣ ይህን ዛሬ ለአባቴ ሳልነግር አላድርም። በተረፈ ኮምቦልቻ አምስት ዓመት ከቆየህ አንተም የእኛ ልጅ ነህ፤ አብሽር።

የአብነት ተማሪ፣ ዛሬ 5፡10

ከሐረጎ ላይ ወንድማችን ቃል ተነሥቼ ትንሽ ልጨምር፤ ምክንያቱም ነገሩ እዚህ ጋ ይጣፍጣል።

ኦሪት፣ ታቦት፣ ጣዖት፣ ገሃነም፣ ሃይማኖት፣ ምጽዋት፣ ዓርብ። እነዚህ ሁሉ ከአራማይስጥ የገቡ ናቸው። ዓርብ ዋዜማ ማለት ነው፤ የሰንበት ዋዜማ። ድሮ ሊቃውንቱ «ሱርስት ተናጋሪ መነኮሳት ያመጧቸው ናቸው» ይሉ ነበር። ሐንስ ያዕቆብ ፖሎትስኪ የሚባል የኢየሩሳሌም መምህር ግን በ1964 እ.ኤ.አ. «የለም፣ የአይሁድ አራማይስጥ ናቸው» አለ። ምጽዋትን እዩት። ዕብራይስጡ «ሚጽዋ» ትእዛዝ ማለት ነው። አይሁድ ግን ለድሃ መስጠትን ከትእዛዛት ሁሉ ለይተው በቀጥታ «ትእዛዟ» ብለው ይጠሩት ነበር፤ ስለዚህ ቃሉ ወደ ግዕዝ ሲገባ ትእዛዝነቱን ትቶ ስጦታነቱን ይዞ ገባ። ደጀ ሰላም የተቀመጠው ነዳይ «ስለ ማርያም ምጽዋት» ሲል ሳያውቀው «ትእዛዙን ፈጽሙ» እያለን ነው።

ታቦትም እንዲሁ። በዕብራይስጡ የኖኅ መርከብ «ቴባ» ነው፣ የቃል ኪዳኑ ደግሞ «አሮን»፤ ሁለት የተለያዩ ቃላት። ግዕዙ ሁለቱንም ታቦት አላቸው። የየኔታ ጉባኤ ላይ ይህን ስሰማ፣ ጥምቀት ሲወጣ ያለው ሕዝብ ከጥፋት ውኃ የተረፈው ቤተ ሰብ ሆኖ ታየኝ።

እንዲህ ያለውን ቃል በቃል ማመሳከር ለሚወድ፣ ቮልፍ ሌስላው የሚባል አይሁዳዊ ሊቅ ነበር። ፖላንድ ተወልዶ፣ በጦርነቱ ጊዜ ፈረንሳይ ውስጥ እስር ካምፕ ገብቶ፣ አምልጦ አሜሪካ የኖረ። በ1987 እ.ኤ.አ. የግዕዝን ቃላት ከሴም ቋንቋዎች ሁሉ ጋር ያነጻጸረ መዝገበ ቃላት አውጥቷል። የቤተ እስራኤልን ጸሎት ተርጉሟል፤ ከኮምቦልቻ ፈቀቅ ብሎ ያለውን የአርጎባን ቋንቋም አጥንቷል። መቶ ዓመት ሞልቶት በ2006 እ.ኤ.አ. አረፈ።

ሙጋድ (ደሴ)፣ ዛሬ 7፡35

ሁላችሁም ሊቃውንት ናችሁ፣ እኔ ተራ አንባቢ ነኝ። ግን አንድ የማልረሳው ሰው አለ። እናቴ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱሷን ሳታነብ አትተኛም፤ አንድ ቀን «ይህን መጀመሪያ ወደ አማርኛ የመለሰው ማን ነው?» ብዬ ስጠይቃት «እግዚአብሔር» አለችኝ። እኔ ግን ፈለግሁ። አብርሃም የሚባል የጎጃም ሰው ነው፤ የውጭ መጻሕፍት አቡ ሩሚ ይሉታል። ካይሮ ላይ አሰለን የሚባል የፈረንሳይ ቆንስላ ሰው አግኝቶት አብረው ተቀመጡ። አሥር ዓመት ሙሉ፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ቅዳሜ፣ በር ተዘግቶ፣ እንግዳ ሳይገባ። የዐረብኛውን ቁጥር በቁጥር ቀስ ብለው ያነባሉ፤ የጠጠረ ቃል ሲገጥም ዕብራይስጡንና ጽርዑን ያያሉ፤ ከዚያ አብርሃም በአማርኛ ይጽፋል። 9,539 ገጽ ጽፏል። በእጁ!

ሥራው ካለቀ ብዙም ሳይቆይ እዚያው ካይሮ በወረርሽኝ ሞተ። ወንጌላቱ በ1824፣ ሐዲስ ኪዳን በ1829፣ ሙሉው በ1840 እ.ኤ.አ. ታተሙ። የዛሬው ትርጉም ሌላ ነው፣ መንገዱን የጠረገው ግን እሱ ነው። ለእናቴ ስነግራት ዝም ብላ ቆይታ «ነፍሱን ይማር፤ ስሙን ጻፍልኝ» አለች። አሁን የሙታን ጸሎት ላይ ስሙን ከአባቴ ቀጥላ ትጠራዋለች።

ሸርፍ ተራ፣ ዛሬ 8፡50

የጦሳ ልጅ፣ ትናንት የጻፍኩትን አልመልስም፤ የሞቱት ሞተዋልና። ግን የሙጋድን እናት ካነበብኩ በኋላ ስለ አባ ጎርጎርዮስ ሌላ ጥያቄ መጣብኝ። ባሕር ላይ ሲሞት የጸለየለት ነበር ይሆን? ይህን ለመጠየቅ ካቶሊክ መሆን አያስፈልግም።

የጦሳ ልጅ፣ ዛሬ ማታ 1፡30

ወንድሜ ሸርፍ ተራ፣ ይህን ስላልከኝ እግዚአብሔር ይስጥህ።

ከሥራ እንደገባሁ ሲባጎውን ፈታሁት። ልጄ መብራቱን ያዘችልኝ። መጀመሪያ ዳዊቱን ከፍተን 118ን አገኘን፤ አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል በቀይ ቀለም ተጽፈዋል፤ የአያቴ አውራ ጣት የነካበት ጠርዝ ጠቁሯል። ልጄ ስሞቹን በቃሏ እያለች እኔ የመዝገበ ቃላቱን ገጽ እገልጣለሁ፤ አ፣ በ፣ ገ፣ ደ እያልን ወርደን ከብዙ ቆይታ በኋላ «ቀ» ላይ ደረስን። ቀሲስ አለ።

ከቃሉ ጎን ኅዳጉ ላይ በእርሳስ የተጻፈ ነገር አለ። የአያቴ እጅ ነው፤ «ጠ»ን ሲጽፉ እግሮቿን ያስረዝሙ ስለነበር አልሳትኩትም። አንዲት ቃል ብቻ ናት፦ «ጠይቅ»።

ልጄ «ማንን ሊጠይቁ ነበር?» አለችኝ። የአብነት ተማሪ፣ ከአያቴ ጋር በድሮ ጊዜ ደሴ መድኃኔ ዓለም ያገለገሉ ሽማግሌ ካህናት ካሉ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ። ቅዳሜ ልጄን ይዤ እመጣለሁ።